የፈረሰ ግንብ እንዴት ይነበባል፦ ጉዛራን ከማየታችሁ በፊት መሀል አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ልምምድ

በባሕር ዳርና በጎንደር መሀል፣ እንፍራንዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ወዳለው ጉዛራ ግንብ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። ከመኪና ይወርዳል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ጣናን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። «ያምራል፣ ምን ዋጋ አለው ፈርሷል» እያለ ይመለሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያልፈረሰ ግንብ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የፈረሰው ሆዱን ያሳያል። የግድግዳው ውፍረት፣ መሀሉ የተሞላበት ነገር፣ ፎቁ ያረፈበት ቦታ፣ የቱ ክፍል ቀድሞ የቱ ክፍል ኋላ እንደተሠራ፣ ሁሉም እዚያው ተገልጦ ይታያል። የሚጎድለው የሠለጠነ ዓይን ብቻ ነው። ዓይን ደግሞ እዚሁ፣ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ ይሠለጥናል።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ማንሳት ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ድንጋይ እየጠረበ ነው ያሳደገን። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ድንገት ይቆምና «ነይ እስቲ፣ ይቺን ማዕዘን እያት» ይለኝ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ከእሱ፣ ግማሹ ከሥራዬ የተማርኩት ነው። ጓደኞቼ ወደዚያ ሊሄዱ ሲያስቡም መጀመሪያ የማሠራቸው ይህንኑ ነው።

ታሪኩን በአንድ ወረቀት

አንድ ኤ ፎር ወረቀት ወስዳችሁ ታሪኩን ጻፉበት። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ግንቡ ፊት ቆማችሁ የምታነሱት ጥያቄ ሁሉ የሚወጣው ከዚህች ወረቀት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የእኛ መጻሕፍት በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፣ የውጭዎቹ በፈረንጆቹ። ሁለቱን ካደባለቃችሁ የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ሰተት ብሎ ይገባና አንድ ንጉሥ ከሞተ በኋላ ግንብ ሲያሠራ ታገኙታላችሁ። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። እኔ እዚህ ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

ከ1529 ጀምሩ። በዚያ ዓመት ሽምብራ ኩሬ ላይ አፄ ልብነ ድንግል በግራኝ አሕመድ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ እስከ 1543 ድረስ ሀገሩ ታመሰ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ የነገሥታቱ ሀብት ተበተነ። በ1541 ክሪስቶቫ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ወታደሮችን ይዞ መጣ። እሱ ራሱ ተይዞ ተገደለ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ፣ አግብተው ወለዱ። በ1543 ግራኝ ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። አፄ ገላውዴዎስ በ1559፣ አፄ ሚናስ በ1563 አረፉ። የሚናስ ልጅ ሠርፀ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ነገሠና እስከ 1597 ገዛ።

እዚህ መስመር ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በድንኳን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ረጅም ጊዜ መቀመጡን ትታችሁ፣ ቤተ መንግሥት ማለት እህሉና ማገዶው እስኪያልቅ የሚሰፈርበት ሜዳ ነበር። ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሠራዊቱ ይነሳል። በሠርፀ ድንግል ዘመን ግን የመንግሥቱ ማዕከል ከሸዋ ወደ ጣና ዙሪያ እየተሳበ ሄደ። በደቡብ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ነበር፤ በሰሜን ቱርኮች ባሕሩን ይዘዋል፣ ንግዱም በዚያው በኩል ነው። ንጉሡ ክረምቱን በእንፍራንዝ በኩል መክረም አዘወተረ። ጉዛራ የሚነገረውም የእሱ ግንብ ተብሎ ነው። ድንኳን ይነቅል የነበረ መንግሥት ኮረብታ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ሲያቆም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እንደገና ተነቅሎ የማይሄድ ነገር ነው።

የቀረውን በአጭሩ ጻፉ። ሱስንዮስ በ1607 ዙፋኑን ያዘ። ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚስዮናዊው) ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 መጣ፣ በ1622 ሞተ። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ወረቀታችሁ እዚህ ላይ ይብቃ።

የኖራው ጥያቄ

ከሁሉ የምወደው ክፍል ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ጉዛራ ባለ አራት ማዕዘን፣ ባለ ፎቅ፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ የቆመለት ግንብ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ጎንደርን ያየ ሰው ወዲያው «ይሄማ የፋሲል ግቢ ታላቅ ወንድም ነው» ይላል። የሠርፀ ድንግል ከሆነ ከፋሲል ግንብ በብዙ ዓመት ይቀድማልና አባባሉ ትክክል ይሆናል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በሱስንዮስ ዘመን እዚህ የነበረው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ሲጽፍ፣ ኖራ በሀገሩ የታወቀው በ1620ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት ነው ይላል። እሱ እውነቱን ከሆነ፣ ሠርፀ ድንግል በ1597 ሞቶ እንዴት በኖራ ያስገነባል?

መልስ ሊሆኑ የሚችሉት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ አልሜይዳ ተሳስቷል፤ ኖራ ቀድሞም ነበር፣ እሱ አልሰማም። ሁለተኛ፣ ግንቡ ኋላ የተሠራ ነው፤ አሠራሩን አይተው ወደ ፋሲለደስ ዘመን የሚያቀርቡት ባለሙያዎች አሉ። ሦስተኛ፣ ግንቡ የሠርፀ ድንግል ነው፣ ኖራው ግን በከፊል የኋላ ጥገና ነው። እኔ ልቤ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ምክንያቱም አንድ እንግዳ ሰው «ከዚህ በፊት አልነበረም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ «እኔ አላየሁም» ማለቱ ነው። ይሄ ግን የእኔ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃው ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው። የጥገና ሰው የሚደርሰው ፊት ለፊቱን ነው፤ መጋጠሚያውን ይሞላል፣ ይለስናል። የግድግዳው መሀል ውስጥ ግን እጁ አይገባም። ስለዚህ ግድግዳ የተሰበረበት ቦታ ስትደርሱ መሀሉ ያለውን ማያያዣ ከፊቱ ካለው ጋር አስተያዩት። ቀለሙ አንድ ነው? አሸዋው አንድ ዓይነት ነው? ከፊት ነጭ፣ ከመሀል ቡኒ ጭቃ ካገኛችሁ አንድ ነገር ነው። እስከ መሀሉ ድረስ ነጭ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ይህችን ጥያቄ ይዞ የወጣ ሰው ዳገቱ አይታወቀውም።

«ግንቡን ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» የሚለውንም በዚያችው ወረቀት መርምሩት። የጎንደር ግንቦችን ለፓኤዝ የሚሰጥ ሰው ዛሬም ይገጥማችኋል። ፓኤዝ የሞተው በ1622 ነው፤ ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636። ፋሲለደስ ደግሞ ኢየሱሳውያኑን አባሮ ነው የገነባት። በሌላ በኩል የዳ ጋማ ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች በሀገሩ ነበሩ፣ ከሕንድ የመጣ ባለሙያም ተጠቅሷል። ስለዚህ «የውጭ እጅ ፈጽሞ የለበትም» ማለትም አይቻልም። ያም ሆኖ ድንጋዩን ፈልጦ፣ ተሸክሞ፣ ዳገት አውጥቶ ያቆመው የዚያው ሀገር ሰው ነው። ይህ ሲረሳ እንደ ግንበኛ ልጅ ያመኛል።

ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ

ልምምዱን ቤታችሁ ጀምሩ። ቀለም መሸጫ ሄዳችሁ ትንሽ ኖራ ግዙ። አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር አቡኩና የተሰበረ ሸክላ ላይ ለጥፉት። አጠገቡ የሲሚንቶ፣ ከዚያ አጠገብ የጭቃ ልጥፍ አድርጉ። ጓንትና መነጽር አይቅርባችሁ፣ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጥቂት ሳምንት በረንዳ ላይ ይድረቅ። ከዚያ በሚስማር ጫሩት። ጭቃው ይረግፋል፣ ኖራው ነጭ ብናኝ እያወጣ ይጫራል፣ ሲሚንቶው ሚስማሩን ይመልሳል። ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ጭቃው ይሟሟል። ኖራው ላይ አቼቶ ጠብ ብታደርጉ ይፈላል። ኖራው ውስጥ በደንብ ያልተቦኩ ትናንሽ ነጭ ጓሎችም ይታያሉ፤ በአሮጌ ግንብ ላይ ኖራን ከሩቅ የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው። ሚስማሩንና አቼቶውን ግን ቤታችሁ ተዉት። ጉዛራ ላይ መጫር፣ ማንጠብጠብ፣ መቆንጠር የለም። እዚያ የሚሠራው ዓይን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ፒያሳና አካባቢው ላይ አሮጌ የድንጋይ ቤት ሲፈርስ ካያችሁ ቁሙ። አጥሩን አትለፉ፣ ከውጭ ይበቃል። በቅርቡ እኛ ሰፈር አንዱ ፈርሶ ግድግዳው ለሁለት ተከፍሎ ቆሞ ነበር። ከፊት ጥርብ ድንጋይ፣ ከጀርባም ጥርብ ድንጋይ፣ መሀሉ ላይ ደቃቅ ድንጋይና ቡኒ ጭቃ። እዚህም እዚያም ከፊት እስከ ጀርባ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ ገብቶበታል። ሁለቱን ፊት የሚያስተሳስረው እሱ ነው። እሱ ያነሰበት በኩል ግድግዳው ሆዱ ተነፍቶ ቀድሞ ወድቋል፤ በዛ ያለበት በኩል ቱንቢ እንደተጣለለት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉዛራ ላይ ከሚታዩት ስብራቶች ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ እነዚህን ረጅም ድንጋዮች ፈልጉ።

ከዚያ አራዳ ጊዮርጊስ ሂዱ። ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ በሥርዓቱ፣ ከውጭ ዙሩት። የምታዩት ማዕዘኖቹን ነው። የማዕዘን ድንጋይ ከሌላው ይበልጣል፣ በደንብ ይጠረባል፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ እየገባ ይያያዛል። ፍርስራሽ ላይ ሰው ቀድሞ ነቅሎ የሚወስደውም እሱን ነው፤ ያማረ ድንጋይ ስለሆነ ለአዲስ ቤት ይፈለጋል። ማዕዘኑ ተቦጭቆ መሀሉ የቀረ ግድግዳ ካያችሁ፣ ዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው እጅም ነክቶታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ወደ አራት ኪሎ ስትመለሱ የመንገድ ዳር ግድግዳዎችን እዩና ሁለት ግንብ የተገናኘበትን ቦታ ፈልጉ። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ከተቆላለፉ አብረው ተሠርተዋል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ካለ አንዱ ኋላ ተለጥፏል። ይህን አንዴ ካያችሁት ከተማው ሁሉ ይገለጥላችኋል። ጉዛራ ላይም ማማው ከዋናው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በዚሁ ዓይን ነው የምታዩት።

ሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ ቁመት መለካት ተለማመዱ። 1 ሜትር ዱላ አቁሙ፣ ጥላውን ለኩ። ወዲያው የሐውልቱን ጥላ ለኩ። ዱላው 60 ሴንቲ ሜትር ጥላ ከጣለና የአንድ ነገር ጥላ 6 ሜትር ከሆነ ቁመቱ 10 ሜትር ነው። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ ኮረብታ ላይ ይሄ ነገር ያታልላል። እርምጃችሁንም በሜትር ለክታችሁ ያዙ። ሜትር ሳይዘረጋ በእርምጃ የሚነሳ ንድፍ ለእኛ ሥራ ይበቃል።

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ቤተ መጻሕፍቱ የነገሥታቱን ዜና መዋዕሎችና ስለ ጎንደር ዘመን የተጻፈውን የምትፈልጉበት ነው። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ ደግሞ ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ዛሬም ይታያል። ስትዞሩ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። እንግዳ እስከ የት ይገባል? ባለቤቱ ብቻ የሚደርስበት የት ይጀምራል? ጣሪያው በሄደ ግንብ ላይ ይህን ጥያቄ የሚመልሱት የበሮቹ አቀማመጥና የደረጃው ቦታ ናቸው።

ስትወጡ ቀና ብላችሁ እንጦጦን እዩት። ምኒልክ ከላይ ከተቀመጡ በኋላ በ1886 ወደ ፍልውሃ ሜዳ የወረዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮረብታ ጠላትን ለመከላከል ጥሩ ነው፣ ለኑሮ ግን ብርዱ፣ ማገዶው፣ ውሃው ከባድ ነው። ጉዛራ ላይም «ምን ያምራል» ከማለታችሁ በፊት «ውሃው ከየት ይመጣ ነበር? ማን ይሸከመው ነበር?» በሉ።

ስትደርሱ

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው፤ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ ማክሰኚት ሳትደርሱ። በአውሮፕላን ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ወርዶ በመኪና መሄድ ይቀላል። የመንገዱን ሁኔታ ግን እዚያው ካለ ሰው በዚያው ሳምንት ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አትጋፉ። የአዲስ አበባው ልምምድ ባዶ አይቀርም፣ ጉዛራም አይሄድባችሁም።

መጀመሪያ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ግንቡን ከውጭ አንድ ዙር ዙሩት። አራቱን ፊት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ሰይሙ። በሁለተኛው ዙር ንድፉን በእርምጃ አንሱ። በሦስተኛው ቀዳዳዎቹን እዩ። በአንድ መስመር የተደረደሩ ትልልቅ ቀዳዳዎች ፎቁን የተሸከሙት ግንዶች የገቡባቸው ናቸው፤ ግንዱ ተቃጥሎ ወይ በስብሶ ሄዷል፣ ወለሉ የነበረበትን ከፍታ ግን እነሱ ይነግሯችኋል። ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ግድግዳው ይሳሳል። እዚህም እዚያም በእኩል ርቀት የተበተኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ የግንበኞቹ ፖንቴ (መወጣጫ እንጨት) የታሰረባቸው ናቸው። እነሱ ፊት ስቆም እኔ የአባቴን ሥራ ነው የማየው፤ ሰውየው በአንድ ቀን እጁ እስከሚደርስበት ገንብቶ፣ ፖንቴውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ፣ ደግሞ የቀጠለበት ነው።

የስብራቱን ሆድ የምታዩት ከዚህ በኋላ ነው። የግራጫ ሲሚንቶ ጥገና ካገኛችሁ በንድፉ ላይ በቀይ አስምሩ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ይጠጥራል፣ እርጥበቱን ያግታል፣ ድንጋዩ ከውስጥ ይላጣል። ጎንደር ላይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና ይህንኑ ጣጣ አምጥቷል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታ የመጥረቢያው ምልክት ድንጋዩ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ምንም አይታይም።

ግድግዳ ሥር አትቀመጡ፣ አናቱ ላይ አትውጡ። ከስንጥቅ የበቀለ ዛፍ አትንቀሉ፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞት ሊሆን ይችላል። ጠጠር እንኳ ቢሆን ለማስታወሻ ብላችሁ አትያዙ።

አዛውንት ስታገኙ አጠያየቃችሁ ይታሰብበት። «አባባ፣ ፖርቱጋሎች ናቸው አይደል የሠሩት?» ካላችኋቸው እንግዳን ላለማስቀየም «አዎ» ይሏችኋል። ቁጭ በሉ፣ ስለ ዝናቡ ስለ እህሉ ተጫወቱ፣ ከዚያ «አባቶቻችሁ ስለዚህ ግንብ ምን ይሉ ነበር?» በሉ። ያሏችሁን በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ አታርሙት፣ ከወረቀታችሁ ጋር ባይገጥም እንኳ አታስተካክሉት።

ፎቶ ስታነሱ እያንዳንዱን ስንጥቅ አጠገቡ ሰው አቁማችሁ አንሱ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ማታውኑ ፋይሎቹን በፊትና በቀን ሰይሟቸው፤ «ሐ ፊት፣ ከበሩ በስተግራ፣ ጥር 12» እያላችሁ። አንድ ቅጂ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ። በሚቀጥለው ክረምት ስንጥቁ መስፋቱን ማወቅ የሚችሉት ከዚህ በፊት የተነሳ ፎቶ ካላቸው ነው።